ሰባተኛው ሰው

ዲስክ የሚባለውን ነገር በእጄ ይዤ ወርውሬ የማላውቅ፣ ጉልበቴም ከደረጃ ጋራ ከተጣላ ዓመታት ያስቈጠረ ሽማግሌ ስሆን፣ በዛሬው ዕለት በፍራንክፈርት ከተማ የሁለት ተቀናቃኝ የዲስክ ጎልፍ ማኅበሮች አባል ነኝ፤ በአንደኛው መዝገብ መሥራች፣ በሁለተኛውም መዝገብ መሥራች ተብዬ ስሜ ሰፍሯል። ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ ለባለቤቴ ሦስት ጊዜ አስረድቻት ሦስት ጊዜ ስቃብኛለችና፣ ምናልባት አንባቢ ይፈርድልኝ እንደ ሆነ ብዬ ነገሩን ከሥሩ አንሥቼ እተርካለሁ። ዘመኑን እንደ አገሩ ልማድ በፈረንጅ አቈጣጠር እጽፋለሁ፤ የእኛ የሆነ እንደ ሆነ ዓ.ም. እጨምርበታለሁ።

የምኖረው ኦበርራድ በተባለው ሰፈር ነው። ሰፈሩ ከማይን ወንዝ በስተደቡብ በፍራንክፈርት ጠርዝ ላይ የተቀመጠ ሲሆን፣ ጎረቤቱ የኦፈንባህ ከተማ ነው፤ የሁለቱ ከተሞች ፍቅር ምን ያህል እንደ ሆነ ለማወቅ የሚሻ ሰው ታሪክ መመርመር ሳያስፈልገው ትራም ቢሳፈር ይበቃዋል፤ ትራሙ ልክ ወሰኑ ላይ ሲደርስ የኦፈንባህን መሬት ሳይረግጥ ይቆማል፤ የፌርማታውም ስም ‹‹የኦፈንባህ ከተማ ወሰን›› ነው። በእግር ኳስ ረገድ የፍራንክፈርቱ ቡድን አይንትራኽት ይባላል፤ ትርጓሜውም ስምምነት ማለት ነው። ይህ ስምምነት የተባለ ቡድን በ1959 በርሊን ላይ ለጀርመን ሻምፒዮናነት ከኦፈንባህ ኪከርስ ጋራ ተጋጥሞ በተጨማሪ ሰዓት 5 ለ 3 አሸነፈ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ በወንዙ ዳርና ዳር ስምምነት የሚለው ቃል ያለ ጠብ ተጠርቶ አያውቅም።

ኦበርራድ ግን ከጠብ ይልቅ የታወቀችው በቅጠል ነው። የፍራንክፈርት ሰው በቅቅል ድንችና በእንቁላል የሚበላው ቀዝቃዛ አረንጓዴ ስጎ አለ፤ ስጎው በሰባት ዓይነት ቅጠል ይሠራል፤ ቅጠሎቹም የሚበቅሉት በእኛ ሰፈር ማሳ ነው። በ2016 የአውሮፓ ኅብረት ስሙን በሕግ ጠብቆለታል፤ በማሳው መካከልም ለሰባቱ ቅጠሎች መታሰቢያ የሚሆኑ ሰባት ትናንሽ አረንጓዴ ቤቶች ቆመውላቸዋል። ለቅጠል ሐውልት የሚያቆም ሕዝብ ለቅርጫት ቢጣላ እንደማይደንቅ ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ። ሰባት የሚለው ቊጥር ወደ ኋላ ስለሚያስፈልገኝ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ።

ዲስክ ጎልፍ ማለት፣ ለማያውቀው ሰው በአጭሩ ለመግለጽ፣ ባለጠጎች በዱላና በትንሽ ኳስ የሚጫወቱትን ጎልፍ ድኻው በሳሕን ሲጫወተው ነው። ተጫዋቾቹ ከመወርወሪያው ስፍራ ቆመው ጠፍጣፋውን ዲስክ በዛፎች መካከል ይሰዱታል፤ ከወደቀበት ስፍራ ይሄዱና ደግመው ይሰዱታል፤ እንዲህ እያሉ በብረት ምሰሶ ላይ ከተተከለ ቅርጫት ያደርሱታል፤ ከቅርጫቱ በላይ የተንዠረገጉት ሰንሰለቶች እየበረረ የመጣውን ዲስክ ይዘው ወደ ታች ይጥሉታል፤ በዚያን ጊዜ የሚሰማው ድምፅ ለእኔ እንደ ጸናጽል ይሰማኛል። በመጨረሻም ጥቂት ጊዜ የወረወረ ያሸንፋል። ጥቂት የሠራ የሚሸለምበት ጨዋታ በመሆኑ፣ አዲስ አበባ በመሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ሳለሁ ቢመጣልኝ ኖሮ የት በደረስሁ ብዬ ብዙ ጊዜ ተቈጭቻለሁ። ዲስኩም አንድ ዓይነት አይደለም፤ ለሩቅ የሚሆነው ጠርዙ የሳሳ፣ ለቅርብ የሚሆነው ጠርዙ የወፈረ ነውና፣ አንድ ተጫዋች እንደ ዳዊት ማኅደር በትከሻው ባንጠለጠለው ቦርሳ ዐሥራ አምስትና ሃያ ዲስክ ተሸክሞ ጫካ ለጫካ ይዞራል።

የዚህ ጨዋታ አባት ኤድ ሄድሪክ የሚባል አሜሪካዊ ነው። ፍሪዝቢ ይሠራ በነበረው በዋም-ኦ ኩባንያ አገልግሎ፣ በ1975 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦክ ግሮቭ በተባለ መናፈሻ የመጀመሪያውን ቋሚ ሜዳ አቋቋመ፤ ባለ ሰንሰለቱን ቅርጫትም ፈለሰፈ፤ በ1976 ደግሞ የባለሙያ ተጫዋቾችን ማኅበር መሠረተ። ልብ በሉ፣ ሜዳው ከተሠራ ገና ዓመቱ ነው፤ ማኅበሩ ግን ደርሷል። በ2002 ባረፈ ጊዜ፣ ሬሳው ተቃጥሎ አመዱ ከፕላስቲክ ጋራ ተቀላቅሎ እንደ ኑዛዜው ዲስክ ተሠራበት። የእህቴ ልጅ ይህን ሲነግረኝ ሁለት ጊዜ አማተብሁ። ሰው ወደ አፈር ይመለሳል ሲባል እንጂ ወደ ቅርጫት ይመለሳል ሲባል ሰምቼ አላውቅም፤ ፍትሐቱስ የሚደረግለት በተወረወረ ቊጥር ነው ወይስ ቅርጫት በገባ ጊዜ?

እንግዲህ በምኖርበት ሕንጻ ምድር ላይ የኦፈንባህ ተወላጅ የሆነ አንድ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ይኖራል፤ ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ደግሞ አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ጎልማሳ አለ፤ እርሱ የአይንትራኽት ሰው ነው። እኔ በመካከላቸው ነኝ፤ ይህን የምናገረው ስለ ፎቁ ብቻ አይደለም። ከእኔ ጋራ የሚኖረው የእህቴ ልጅ በጎልማሳው አማካይነት ጨዋታውን ለመደ፤ ፖስተኛውም ሲያከፋፍል የኖረበት እጁ ዕረፍት አልስማማው ብሎ ዲስክ ማድረስ ጀመረ፤ ሌሎችም ተጨምረው ቊጥራቸው ዐሥራ ሁለት ደረሰ። በመዋጮም ዘጠኝ ተንቀሳቃሽ ቅርጫቶች ገዙ፤ ቅርጫቶቹም ኬለር የሚሉት የምድር ውስጥ ዕቃ ቤቱ ሰፊ በሆነው በፖስተኛው ዘንድ ተቀመጡ። እሑድ እሑድ ወደ ከተማው ጫካ ጠርዝ ወስደው ያቆሟቸዋል፤ ሲመሽም ወደ ኬለሩ ይመልሷቸዋል። ጫካውን ፍራንክፈርት በ1372 ከንጉሠ ነገሥት ካርል 4ኛ የገዛችው ነው፤ ስድስት መቶ ዓመት ሙሉ በሰላም የኖረ ጫካ ነው እንዳልል የታሪክ ሰዎች ይታዘቡኛል፤ ነገር ግን በቅርጫት ምክንያት ተጣልተውበት እንደማያውቁ በዋስትና መናገር እችላለሁ።

ዐሥራ ሁለቱ እንደ ሐዋርያት በአንድ ልብ ሆነው ሦስት ዓመት ኖሩ። ከዚያ ጎልማሳው አንድ አሳብ አመጣ። ቅርጫቶቹን በየሳምንቱ ከማጋዝ ይልቅ በኮንክሪት ተተክለው የሚቀሩበት ቋሚ ሜዳ እንለምን፤ የከተማው አስተዳደር ግን ዐሥራ ሁለት መንገደኞችን አያነጋግርምና በሕግ የታወቀ ማኅበር እንሁን አለ። ፖስተኛው ደግሞ አርባ ዓመት በማኅተም መካከል እንደ ኖረና ሳሕን ለመወርወር ሌላ ማኅተም እንደማያሻው፣ ቅርጫቶቹም በኬለሩ ተመችቷቸው እንደ ተቀመጡ መለሰ። አምስቱ ከፖስተኛው፣ አምስቱ ከጎልማሳው ጋራ ሆኑ፤ ስድስት በስድስት ተካፈሉ ማለት ነው፤ የእህቴም ልጅ ከጎልማሳው ወገን ቆመ።

ጠቡ መጽናቱን ያወቅሁት በአንድ ምልክት ነው። ጀርመናውያን ወዳጅ ለወዳጅ ‹‹ዱ›› ይባባላሉ፤ የእኛ አንተ መሆኑ ነው፤ ለማያውቁትና ለሚያከብሩት ‹‹ዚ›› ይላሉ፤ እርሱም እርስዎ ነው። በዲስክ ሜዳ ሁሉም ዱ ነበር። አንድ ማክሰኞ ከደብዳቤ ሣጥኑ አጠገብ ቆሜ ሳለሁ ጎልማሳው ፖስተኛውን ‹‹እርስዎ ቅርጫቶቹን መቼ ሊያስረክቡ ያስባሉ?›› ሲለው ሰማሁ። በእኛ ዘንድ ልጅ ሽማግሌን እርስዎ ቢል ምርቃት ያገኝበታል፤ በእነርሱ ዘንድ ግን ዱ ተባብለው ሲያበቁ ወደ ዚ መመለስ ውግዘት ነው፤ ፖስተኛው ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

ሁለተኛው ምልክት ከቦርሳው ላይ ታየ። የብሬመኑ ልጅ ሲሞን ሊዞት፣ በዚህ ጨዋታ ጀርመን ካወጣቻቸው ሁሉ ዝነኛው፣ በ2023 መግቢያ ዲስክ ከሚሠራለት ከዲስክማንያ ኩባንያ ተለይቶ በረጅም ዘመን ውል ወደ ኤም.ቪ.ፒ. ተዛውሮ ነበር። ያን ጊዜ ቀለል ብሎ ያለፈው ነገር አሁን ትርጓሜ አገኘ፤ የጎልማሳው ወገን የአዲሱን ኩባንያ ዲስክ ሲያነግብ፣ የፖስተኛው ወገን በአሮጌው ጸና፤ የሰውየውም መሄድ ከጊዮርጊስ ወደ ቡና እንደ ዞረ ተጫዋች ተቈጠረበት። የሚገርመው፣ ከዐሥራ ሁለቱ አንዳቸውም እንኳ ዲስኩን ሰውየው በሚያደርስበት ርቀት እኵሌታ የሚያደርስ አልነበረም።

እኔ ይህን ሁሉ ስሰማ የትዝብት ሳቅ አልሳቅሁም፤ ነገሩን ከአገሬ አውቀዋለሁና። በአዲስ አበባ ስንት እድር ሲከፈል አይቻለሁ፤ አንድም እድር በሃይማኖት ወይም በአሳብ ተከፍሎ አላየሁም። የሚከፈለው በድንኳን ነው። ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ አግዳሚ ወንበሩ ከአንድ ሰው ግቢ ይቀመጣል፤ ያ ሰው መጀመሪያ ጠባቂ ነው፤ ቀጥሎ ባለአደራ ይባላል፤ በሦስተኛው ዓመት ግን ድንኳኑን ሲያውሰን ከገዛ ቤቱ አውጥቶ የሚሰጠን ይመስለዋል፤ እኛም ስንወስድ ከእርሱ ላይ የቀማን ይመስለናል። ከዚያ በኋላ ስለ መተዳደሪያ ደንብ፣ ስለ ምርጫ፣ ስለ ሒሳብ ምርመራ የሚነሣው ጥያቄ ሁሉ የድንኳኑ ልጅ ነው። ስለዚህ ጎልማሳው ስለ ሕጋዊ ሰውነት፣ ፖስተኛውም ስለ ነጻነት ሲናገሩ፣ እኔ በልቤ የማየው ያን ኬለር ነበር።

አሁን ወደ ሰባት ደርሰናል። ሦስት ጀርመናውያን ከተገናኙ ማኅበር ያቋቁማሉ ተብሎ በዚህ አገር ይቀለዳል። ሕጉ ግን በሦስት አይረካም። ከ1900 መግቢያ አንሥቶ የጸናው የጀርመን ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 56 እንደሚያዝዘው፣ አንድ ማኅበር ‹‹ፈርአይን›› ተብሎ በፍርድ ቤት መዝገብ እንዲገባ አባሎቹ ቢያንስ ሰባት መሆን አለባቸው፤ አንድ ጊዜ ከተመዘገበ በኋላ ግን ሕጋዊ ሰውነቱ የሚገፈፈው ከሦስት በታች ሲወርዱ ብቻ ነው። የአርቃቂዎቹን ጥበብ አደነቅሁ፤ በሰባት ሰው የተጀመረ ማኅበር አራቱ ቢያኰርፉበት እንኳ ነፍሱ አትወጣም። አባል ልሰናበት ቢል ደንቡ እስከ ሁለት ዓመት የሚደርስ ማስጠንቀቂያ ሊጠይቀው ይችላል፤ በእኛ ዘንድ በዕለቱ የሚጸናው ኵርፊያ በእነርሱ ዘንድ ቀጠሮ አለው ማለት ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የእኛ ፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በአንቀጽ 404 ለማኅበር ሁለት ሰው እንደሚበቃ ይደነግጋል። ሰውየው ሰባት ሐበሻ በአንድ አሳብ ማግኘት ምን ያህል እንደሚከብድ አስቀድሞ የተረዳ ይመስለኛል።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ደወሌ ተደወለ። ፖስተኛው ባለቤቱ የጋገረችውን የፖም ኬክ ይዞ ቆሟል። ማኅበርን ለመቃወም ማኅበር ማቋቋም ግድ እንደ ሆነበት፣ ቅርጫቶቹ በሕግ ከጠባቂያቸው እንዳይለዩ እርሱ ቀድሞ መመዝገብ እንዳለበት፣ ወገኖቹ ግን ስድስት ብቻ እንደ ሆኑ አስረዳኝ። መወርወር ግዴታ እንዳልሆነም ጨመረልኝ። ጀርመናዊ ቢሆን ኖሮ ‹‹ናይን››፣ አይሆንም ብሎ ኬኩን ያጣጥም ነበር፤ እኔን ግን ይህች ይሉኝታ የምትባል፣ አገር ለቅቄ ስወጣ በጉምሩክ ሳትፈተሽ አብራኝ ያለፈች ጠባይ አሰረችኝ። ኬኩን ቈርሼ ዋጥሁ፤ ከዚያ በኋላ አለመፈረም ነውር መሰለኝ። ፈረምሁ።

በዐሥረኛው ቀን የእህቴ ልጅ ጎልማሳውን አስከትሎ ከሳሎኔ ገባ። ‹‹ጋሼ፣ አንድ ሰው ጐድሎብናል›› አለኝ። ልጁን ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደግሁት ነኝ፤ እናቱ ከጎንደር በየሳምንቱ ትደውላለች። ለጎረቤት ኬክ የፈረመ እጅ ለሥጋ ዘመድ ቢታጠፍ ምን ይባላል? አስቀድሜ መፈረሜንም ለመናገር አፌን ስከፍት፣ ጎልማሳው የያዘውን ብዕር ዘርግቶልኝ ነበር። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ሆና በአማርኛ ‹‹አንተ ሰው፣ ኋላ የምትገባበት ጠፍቶህ እንዳትንከራተት›› ብትለኝም፣ አማርኛ የማያውቀው ጎልማሳ ምርቃት መስሎት አንገቱን ዝቅ አድርጎ አመሰገናት። በዚህ አኳኋን የሁለቱም ማኅበር ሰባተኛ ሰው ሆንሁ። እኔ ብጐድል ሁለቱም እንዳልተወለዱ ይቈጠራሉ፤ በስድሳ ስምንት ዓመቴ ይህን ያህል ተፈላጊ ሆኜ አላውቅም።

የሕሊናዬን ሸክም ለማቅለል ቡና ከምንጠጣባቸው ወዳጆቼ ዘንድ ሄድሁ። እነርሱም ሁለት ወገን መሆናቸውን ለመንገር አፍራለሁ፤ እኛ የፍራንክፈርት ሐበሾች ከተከፋፈልን በኋላ እያንዳንዱ ወገን የሚጠራው በአሳቡ ሳይሆን በሚሰበሰብበት ምግብ ቤት ስም ነው። ይህንን እንደ ነውር ቈጥሬው ስኖር፣ አንድ ቀን በጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን ያለውን ዐውደ ርእይ ስጐበኝ ተጽናናሁ። በ1848 በሜይ 18 ቀን ጀርመንን አንድ ለማድረግ በዚያች ቤተ ክርስቲያን የተሰበሰቡት ሊቃውንትና ጠበቆች ወዲያው በወገን ተከፋፍለው፣ እያንዳንዱ ወገን የተጠራው ማታ ማታ በሚሰበሰብበት መጠጥ ቤትና ሆቴል ስም ነበር፤ ካዚኖ፣ ካፌ ሚላኒ፣ ዶይቸር ሆፍ፣ ዶነርስበርግ እየተባለ። በዓመቱ የፕሩሲያ ንጉሥ የሰጡትን ዘውድ አልቀበልም አለ፤ የቀሩት ወደ ሽቱትጋርት ተሰደው በወታደር ተበተኑ። በነገራችን ላይ አይንትራኽት በ1960 ግላስጎው ላይ በሪያል ማድሪድ 7 ለ 3 የተሸነፈው፣ በ2022 ደግሞ ሴቪያ ላይ ሬንጀርስን በመለያ ምት አሸንፎ የአውሮፓ ሊግን ዋንጫ ያነሣው በዚያው በሜይ 18 ቀን ነው፤ ይህ ቀን በፍራንክፈርት ስንክሳር ምን ተብሎ መጻፍ እንዳለበት ለሊቃውንት እተወዋለሁ።

ወዳጆቼም ታሪኬን ሰምተው አልደነቃቸውም። አንዱ የሰሜን አሜሪካውን አነሣ። በ1984 የተመሠረተው በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በየዓመቱ በጁላይ መግቢያ ሰውን ሁሉ በአንድ ከተማ ሲያገናኝ ኖሮ፣ በ2012 በአመራርና በገንዘብ ድጋፍ ነገር ተከፍሎ፣ በአንድ ሰሞን አንደኛው ወገን በዳላስ፣ ሌላው በዋሽንግተን በዓሉን አከበረ። የዚያን ዓመት ዘመድ ከዘመድ ተለያይቶ፣ ባል በአንዱ ከተማ ሚስት በሌላው ከተማ እንደ ዋለች ወዳጄ ማለ፤ ምናልባት አጋኖት ይሆናል። ሁለተኛው ወዳጄ የሲኖዶሱን ጠቀሰ፤ አባቶች እንኳ በአገር ቤትና በስደት ተለያይተው ረጅም ዘመን ከቈዩ በኋላ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ መታረቃቸውን አስታውሶ፣ ‹‹ስለዚህ ሽማግሌ መሆን ያለብህ አንተ ነህ፤ ከሁለቱም ወገን ያለህ አንተ ብቻ ነህና›› ብሎ ፈረደብኝ። ቡናውን የከፈልሁትም እኔ ነኝ።

የሽምግልናውን ቀን ያፋጠነው አንድ ደብዳቤ ነበር፤ ይልቁንም ሁለት። ሁለቱም ማኅበሮች ጠቅላላ ጉባኤያቸውን ለአንድ እሑድ፣ ለአንድ ሰዓት ጠርተው፣ መገኘቴ ግዴታ መሆኑን በጨዋ ቋንቋ አስታወቁኝ። ዳላስና ዋሽንግተን ኦበርራድ ድረስ መጡብኝ። በዚያ ሳምንት ዐርብ ማታ ፖስተኛውንና ጎልማሳውን፣ አንዱ አንዱ መኖሩን ሳያውቅ፣ ለቡና ጠራኋቸው።

ሲገናኙ ዚ ተባባሉ፤ ከሶፋው ዳርና ዳርም ተቀመጡ። ባለቤቴ ቄጠማ ባታገኝ የአረንጓዴውን ስጎ ቅጠል ጐዝጕዛ ቡናውን ቈላች፤ ዕጣኑንም አጨሰች። አቦል ሲቀዳ ዝም ብለው ጠጡ። ቶናው ላይ ፖስተኛው ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ማን እንደ ሆነ ጠየቀ። ሽምግልና በቃል እንደሚሆን ብነግረው፣ ያልተጻፈ ነገር እንዴት ይታወሳል አለ። ጎልማሳውም፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ፖስተኛው እውነት መናገሩን መሰከረ። ተስፋ አደረግሁ። ልክ በዚህ ጊዜ ባለቤቴ ዕጣኑን ደገመችው፤ በዚህ አገር በየቤቱ ጣራ ላይ በሕግ የሚሰቀለው የጭስ ማስጠንቀቂያ በመኝታ ቤቱ ደጃፍ ነበርና እንደ ዕለተ ምጽአት መለከት መጮኽ ጀመረ።

ከዚያ የሆነውን በዐይኔ አይቻለሁ። ፖስተኛው ዕድሜውን ረስቶ ወንበር ላይ ወጣ፤ ጎልማሳው ሁለት እግሩን ግጥም አድርጎ ያዘው፤ ‹‹ቀስ በል፣ ወደ ግራ አዙረው›› አለው፤ ዱ ብሎ ነው ያለው። ‹‹ያዘኝ እንጂ፣ አትልቀቀኝ›› አለው ሽማግሌው፤ እርሱም ዱ ብሎ። መሣሪያው ጸጥ አለ። ሽማግሌው በጎልማሳው ትከሻ ተደግፎ ወረደ፤ ሁለቱም ሳቁ፤ የእህቴ ልጅ ዕልል ሊል ምንም አልቀረውም። ከሶፋው ሲመለሱ ግን ያደረጉት ነገር ትዝ አላቸውና ተፋፈሩ፤ ፖስተኛው ክራቫቱን አስተካክሎ ‹‹እርስዎ ስለ ቅርጫቶቹ ምን ይላሉ?›› አለ። በረካው ቀዘቀዘ።

ሆኖም ጭሱ ያለ ፍሬ አልቀረም፤ ቅርጫቶቹን ለመካፈል ተስማሙ። እዚህ ላይ ችግር ተፈጠረ። ዘጠኝ ለሁለት አይከፈልም። አራት ለአንዱ፣ አራት ለአንዱ ተብሎ ዘጠነኛው ሲቀር፣ ዕጣ ይጣል ብል አንዱ ዕጣ ቁማር ነው አለ፤ ይሸጥ ብል ሌላው የሒሳብ መርማሪ ይመረጥ አለ። በመጨረሻ ሁለቱም በአንድ አፍ፣ ከሁለቱም ማኅበር የሆነ ሰው እኔ ብቻ ስለ ሆንሁ ቅርጫቱ በእኔ ዘንድ በአደራ እንዲቀመጥ ወሰኑ። ውሳኔው ተጻፈ፤ በሁለት ቅጂ ተፈረመ። በእሑዱም ጉባኤ ከአንደኛው እኵሌታ ሰዓት፣ ከሁለተኛው እኵሌታ ሰዓት ተቀመጥሁ፤ በመካከሉ በእግሬ ስሄድ ግን እኔ ከእነርሱ የተሻልሁ ነኝ ለማለት የሚያስደፍር ልብ አልነበረኝም።

ቅርጫቱ ሰገነቴ ላይ ቆሟል። ባለቤቴ በመጀመሪያው ሳምንት ከመንገድ አንሣልኝ ስትለኝ ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት የጤና አዳሟን ማሰሮ ከቅርጫቱ ውስጥ አስቀመጠች፤ ፀሐይም ደኅና አድርጎ ያገኘዋል። ነፋስ ሲነፍስ ሰንሰለቶቹ ይንሿሿሉ፤ ማለዳ ውዳሴ ማርያም ስደግም የማኅሌት ያህል ያጅበኛል። የጨዋታው ሜዳ ዘጠኝ ወይም ዐሥራ ስምንት ቅርጫት ያሻዋልና፣ በአራት ቅርጫት የሚጫወቱት ሁለቱ ማኅበሮች በየተራ ደወሌን እየደወሉ ለእሑድ ብቻ አውሰን ይሉኛል። ለፖስተኛው ይታሰብበታል አልሁት። ለጎልማሳውም ይታሰብበታል አልሁት። ባለፈው ወር ሁለቱ አንድ ላይ መጡ፤ ዱ እየተባባሉ መሆኑንም አስተዋልሁ፤ ቅርጫቱን ለአንድ ቀን ብቻ በጋራ ልናቆመው ነው ቢሉኝ፣ አሁን የጤና አዳሙ ሥር እየሰደደ ስለ ሆነ ማንቀሳቀስ እንደማይመች፣ ደግሞም የአደራው ጽሑፍ ስለ ማዋስ የሚለው ነገር እንደሌለ አስረዳኋቸው። እነርሱ ሲወጡ ሰንሰለቱን በጨርቅ ስወለውል የእህቴ ልጅ ከበሩ ቆሞ አየኝ።

‹‹ጋሼ፣ አሁን እኮ ሦስተኛው ወገን እርስዎ ነዎት›› አለኝ።

ልጅ ነው ብዬ አለፍሁት። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩን ሳሰላስለው፣ ሦስተኛ ወገን ከሆንሁ አይቀር በሕግ መሆን ይሻለኛል ብዬ ሒሳቡን አየሁት። በጀርመን ሕግ ገና አምስት ሰው ይጐድለኛል፤ በእኛ አንቀጽ 404 ግን ሁለት ሰው ይበቃል፤ እኔና ባለቤቴ አለን። ደንቡን አርቅቄ፣ ሊቀ መንበርነቱንም ለእርሷ ትቼ፣ ወረቀቱን ከትናንት ወዲያ ከሻይዋ አጠገብ አኖርሁላት። እስከ ዛሬ አልፈረመችም።